ልጆች ይዞ ገንዳ መሄድ፦ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ ልጆችን ሰብስቦ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ ጎራ ማለት የብዙ ቤተሰብ ልማድ ሆኗል። መግቢያ ይከፈላል፣ ፎጣ ይነጠፋል፣ ልጆቹ ገንዳ ውስጥ፣ ትልልቁ ሰው ጥላ ስር። ከዚያ ምክሩ ይጀምራል። አያት አንድ ነገር ይላሉ፣ አክስት ሌላ ትጨምራለች፣ አጠገብ ያለው ጠረጴዛም ሳይጠየቅ ሐሳብ ይሰጣል። ከምክሩ ብዙው ልክ አይደለም። የሚገርመው ደግሞ አጥብቀን የምንፈራው ነገር ልጅ አይገድልም፤ የሚገድለውን ግን ማኪያቷችንን እያማሰልን ዝም ብለን እናልፈዋለን።

«ከሰጠመ ይጮኻል፣ እሰማዋለሁ»

አይጮኽም። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል። እየሰጠመ ያለ ልጅ አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው ለቅጽበት ነው፤ እሷም ለመተንፈስ እንኳን አትበቃውም። እጁን አያውለበልብም። ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ገላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ እግሩ እምብዛም አይራገጥም። ከሩቅ ለሚያየው መሰላል የሚወጣ ይመስላል። ድምፅ የለ፣ ግርግር የለ። በዚህ ሁኔታ ሳይሰምጥ የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ቢሆን ነው። እኛ ስልክ አንስተን «ሄሎ፣ እንዴት ናችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ሁሉ ሰላም?» ተባብለን ወደ ጉዳዩ ሳንገባ ያልቃል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 300,000 ገደማ ሰው ሰጥሞ ሞቷል። ከአራቱ አንዱ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው።

«የሕፃናቱ ገንዳ ጉልበት እንኳን አይደርስም» የሚባለውም አያጽናናም። አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ውሃ ይበቃል። ልብስ የሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ የሚሰጥሙ ሕፃናት አሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ያሰለቻል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ አንድ አዋቂ እጁን ዘርግቶ የሚይዘው ያህል ቅርብ ይሁን። ውሃው ውስጥ ገብቶ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ትልልቆቹን ከዳር ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ማየት ማለት ግን ማየት ነው፣ ስልክ ሳይዙ። አዋቂ ሲበዛ ጥበቃው ይጠነክራል ብላችሁም አትዘናጉ። ስድስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ ሁሉም ሌላው እያየ ነው ብሎ ያስባል። ተራ ያዙ። «አሁን አንቺ ነሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» ተባብሎ በስም መረካከብ ነው። ተረኛው ቢራ አይጠጣም፤ ተራው ሲያልቅ ይጠጣ።

ነፍስ አድን አለ ከተባለም ማን እንደሆነ መግቢያው ላይ ጠይቁ። የሚያሳዩአችሁ ሰው ትሪ ይዞ አምቦ ውሃ የሚያመላልሰው ልጅ ከሆነ፣ ነፍስ አድን የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

«ክንዱ ላይ የሚነፋውን አስሬለታለሁ»

እሱ መጫወቻ ነው። ይንሸራተታል፣ ይተነፍሳል፣ ልጁ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ሹልክ ብሎ ይወጣል። የተነፋ የመኪና ጎማም ያው ነው፤ ይገለበጣል፣ ልጁ በመሃሉ ሾልኮ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የሚሰጠው የውሸት ድፍረት ነው። ልጁ ዋና የቻለ ይመስለዋል፣ እናቱም እፎይ ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ሕይወት የሚያድነው ለልጁ ልክ የሆነ የተንሳፋፊ ጃኬት ነው። ይሄ ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ ለሚሄዱም ይጠቅማል። የአዋቂ ጃኬት ያጠለቀ የአራት ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ይወርዳል። ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ማሰሪያውን አጥብቁና ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ልኩ አይደለም። አነስ ያለ ጠይቁ፤ ከሌለ ሌላ ጀልባ አይጠፋም።

«ክሎሪኑ ይሸታል፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ብዙ አይሸትም። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ ከሚፈጠሩ ክሎራሚን ከሚባሉ ውህዶች ነው። ዓይን የሚያቀላውም በአብዛኛው እሱ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚሸት ገንዳ ክሎሪን የበዛበት ሳይሆን ብዙ ሰው ሳይታጠብ የገባበት ነው። ከመግባት በፊት አንድ ደቂቃ ሻወር ብዙ ለውጥ ያመጣል። «የሸና ሰው ዙሪያውን ውሃው ሰማያዊ ይሆናል» የሚባለው ልጅ ማስፈራሪያ ደግሞ ተረት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። ማስፈራራቱ ከሠራላችሁ ግን አልከለክልም።

ውሃውን በዓይናችሁ መርምሩት። ጥልቁ በኩል ቁሙና ወለሉ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ቁልጭ ብሎ ይታይ እንደሆነ እዩ። ካልታየ ልጅ አታስገቡ፤ ከስር የወደቀ ልጅም አይታይም ማለት ነው። ገንዳውን የሚይዘውን ሰው ክሎሪኑና ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ስንት እንደሆነ መጠየቅም ነውር አይደለም። ክሎሪኑ በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊግራም፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 ቢሆን ጥሩ ነው። የቀን ፀሐይና የሰው ብዛት ክሎሪኑን ስለሚጨርሱት፣ እኔ ብመርጥ ጠዋት እሄዳለሁ።

ክሎሪንም ሁሉን አይገድልም። ተቅማጥ የሚያመጣው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተሕዋስ በክሎሪን ውሃ ውስጥ ከሳምንት በላይ መቆየት ይችላል። ሆዱን ያመመውን ልጅ «ቃል ገብቼለታለሁ» ብላችሁ አታምጡት።

«ሐይቁ ይሻላል፣ ኬሚካል የለበትም»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ እዚሁ ያደጉ፣ ጣና ላይ ዋና የተማሩ አባቶች ናቸው። «እኔ ምን ሆንኩ?» ይላሉ። ብዙዎቹ ምን እንደሆኑ ተመርምረው አያውቁም።

ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። በሽታው ያለበት ሰው ዓይነ ምድር ውሃ ውስጥ ሲገባ የጥገኛው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ የሰው ቆዳ ይፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ በጤነኛ ቆዳ ሰርጎ ይገባል፣ ቁስል አያስፈልገውም። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ልጆች የሚንቦጫረቁበትን ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቅጠል ያለበትን ረጋ ያለ ውሃ ነው። በፎጣ መድረቅ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ይወሰዳል፣ ይሠራልም። ግን የታከመው ልጅ ነገ ተመልሶ ከገባ ተመልሶ ይይዘዋል። በአግባቡ ክሎሪን የሚደረግበት ገንዳ ውስጥ ይሄ ስጋት የለም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ እሱን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

«በልቶ ከገባ ይሰጥማል፣ ምችም ይመታዋል»

አሳ ጥብስ ስለበላ የሚሰጥም ልጅ የለም። ሆዱ ጥግብ ካለ ሊከብደው ወይም ሊያስመልሰው ይችላል፣ ትንሽ ይረፍ። በቃ። ምች የምንለውን ትተን ፀሐዩን ራሱን ብንፈራ ይሻላል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌቱ፣ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ ልጁ መቃጠሉን አያውቅም። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ኮፍያ፣ እጅጌ ያለው ቲሸርት፣ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ።

«ከውሃ ሲወጣ ነፋስ መታው፣ ጉንፋን ያዘው»

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ከሌላ ልጅ ነው የሚጋባው። ብርዱ ግን በራሱ እውነት ነው፤ ትንሽ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ከንፈሩ ከጠቆረና ጥርሱ ከተንቀጫቀጨ «አልበረደኝም!» ቢልም አውጡት።

«የሰጠመ ልጅ ተዘቅዝቆ ውሃው ይውጣለት»

ይህን ያየ ሁሉ ይመክራል፤ እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ፣ ሆዱን መጫን። ሁለቱንም ተዉ። የሚወጣው በአብዛኛው የጨጓራ ውሃ ነው፤ እሱም ወደ ሳንባ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የጠፋው ደግሞ ጊዜ ነው። ልጁ የሚያስፈልገው አየር ነው።

ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኙት። አንድ ሰው 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። የማይተነፍስ ከሆነ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጉና አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ ደረቱ ከፍ እስኪል ድረስ ትንፋሽ ስጡት፣ አምስት ጊዜ። ካልነቃ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ በፍጥነት መጫን፣ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪደርስ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር አታቁሙ። ይህን አንድ ጊዜ በስልጠና በእጅ ሠርቶ ማየት ከማንበብ በብዙ ይበልጣል።

ከነቃ በኋላም ወደ ቤት አይደለም። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን፣ የቀረባችሁ ሆስፒታል ውሰዱት። ሳንባው ውሃ ከነካው የአተነፋፈስ ችግሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል፣ ልጁ እየሳቀ አይስክሬም ቢጠይቃችሁም መጀመሪያ ሐኪም ይየው።