«ጡረታ እየተቆረጠልህ ስንብት አይከፈልህም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ቢሮዬ ቃሊቲ ነው፤ ከታች ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከላይ እኔ። ከአቃቂ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከገላን ፋብሪካዎች የሚመጡ ሠራተኞች ደረጃውን ወጥተው ገና ወንበር ሳይዙ የሚነግሩኝ አንድ ነገር አለ፦ «ጡረታ ስለሚቆረጥልኝ ስንብት አይገባኝም አሉኝ።» ስንብት የሚሉት የሥራ ውል ሲቋረጥ አሠሪው ለሠራተኛው የሚከፍለውን ገንዘብ ነው። ማን አለ? የሰው ሀብት ኃላፊው። እሱስ ከየት አመጣው? ከእሱ በፊት በወንበሩ ላይ ከነበረው። አዋጁን የገለጠ የለም።

እንግዲህ እኔ ልግለጠው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 39። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያስገኙት ምክንያቶች በፊደል ተራ ተደርድረዋል፦ ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ፣ ውሉ ከሕግ ውጭ ሲቋረጥ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ፣ ሠራተኛው በአሠሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ክብሩን በሚነካ ድርጊት የተነሳ ሲለቅ፣ ሌሎችም። «ጡረታ» የሚለው ቃል ለስንብት መከልከያ ሆኖ የሚመጣው በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ሲሰናበት። ያን ጊዜ የፕሮቪደንት ፈንድ (ሥራ ሲለቁ የሚወጣ ቁጠባ) ወይም የጡረታ መብት ያለው ሰው ስንብት አይታሰብለትም። በአንዲት ፊደል ሥር ያለችውን ገደብ ነቅለው በዝርዝሩ ሁሉ ላይ የተከሉት ኃላፊዎች ናቸው እንጂ ሕግ አውጪው አይደለም።

«በገዛ ፈቃዴ ስለለቀቅሁስ?» አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለዚያው አሠሪ ካገለገላችሁ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ እስከሌለባችሁ ድረስ ይከፈላችኋል። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ከአሥር አንድ ነው።

አንዲት ደንበኛዬን ላንሳ። በስፌት ፋብሪካ ስምንት ዓመት ሠርታ፣ እናቷን ለማስታመም ለቀቀች። የደመወዝ ወረቀቶቿን አራት ቦታ አጥፋ በፌስታል ይዛ መጣች። ደመወዟ 6,000 ብር። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 6,000። ለቀሪዎቹ ሰባት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 2,000 ሲደመር 14,000። በጠቅላላው 20,000 ብር፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ስለሆነ እሷ ገና ከታች ናት። ውሏ የተቋረጠው በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ቢሆን ኖሮ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርላት ነበር።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነበር። ከለቀቀች ስምንተኛ ወሯ። ኃላፊው መጀመሪያ «ጡረታ አለሽ» አላት፤ ስትከራከረው «ከኦዲቱ በኋላ ሰኞ ነይ» አላት፤ ከዚያ ሌላ ሰኞ፣ ከዚያም ሌላ። ስልኳን ከፍታ የጥሪ ዝርዝሩን አሳየችኝ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ በክስ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ያልፍበታል። ይርጋውን የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው ባለሥልጣን አቤት ማለት፣ ወይም አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ነው። አሥራ አንድ የስልክ ጥሪ ማንንም አላሳመነም። ክሱን አቀረብን፤ የመልስ ሰጪው የመጀመሪያ መስመር ራሱ ይርጋ ነበር። መዝገቡ ተዘጋ። አሠሪው ስንብቱን በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል የነበረበት ሲሆን፣ በማዘግየቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊቀጣ ይችል ነበር። እሷ ግን ሰኞን ጠበቀች።

እና እባካችሁ፣ «ነገ ና» ሲሏችሁ ማመልከቻ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ማመልከቻው ብቻውን ይርጋ አያቋርጥም፤ የሚያስገኝላችሁ የጽሑፍ መልስ ግን ሊያቋርጥ ይችላል። የስድስት ወሩን ቀን ደግሞ በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አክብቡት። «ለክስ ገንዘብ የለኝም» አትበሉኝ፤ ሠራተኛ በዚህ አዋጅ መሠረት ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ሌሎቹን በቶሎ ልለፋቸው።

«ኮንትራት ነኝ፣ ጡረታ የለኝም።» ከግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ጀምሮ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ይካተታል።

«18 በመቶውን የጡረታ መዋጮ ከእኔ ነው የሚቆርጡት።» ከእናንተ 7፣ ከአሠሪው 11። ከእናንተ ደመወዝ ላይ 11ን የነካ አሠሪ ካለ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ።

«ሥራ ለቀቅሁ፣ ጡረታዬን ላውጣ።» ይህ ከፕሮቪደንት ፈንድ ጋር መምታታት ነው። ጡረታ ሲለቁ አይወጣም፤ አገልግሎቱ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ይደመራል። ያቺ ደንበኛዬ ስንብቷን ብታጣም ስምንት ዓመቷ አልጠፋም፤ ሌላ ቦታ ስትቀጠር ከዚያው ይቀጥላል። 10 ዓመት የሞላ አገልግሎት ያለው በ60 ዓመቱ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል፤ ያልሞላለት ደግሞ በአንድ ጊዜ ዳረጎት ይከፈለዋል።

«ከሞትኩ ለመንግሥት ይቀራል።» ለባል ወይም ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ።

«ፔሮሉ ላይ ተቆርጧል፤ ስለዚህ ገብቷል።» አይደለም። ወረቀቱ የሚናገረው ከእናንተ መወሰዱን ነው፣ መድረሱን አይደለም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሂዱና ጠይቁ። ስትጠይቁ ደመወዙ ስንት ተብሎ እንደተመዘገበም እዩ፤ መዋጮው የሚሰላው በመደበኛው ደመወዝ እንጂ ከደመወዙ ጋር በሚሰጠው አበል (አለዋንስ) አይደለም፤ የጡረታ አበሉም ሲታሰብ የሚታየው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ነው። «ደመወዝ 2,000፣ አበል 6,000» ብለው ሲፈርሙ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ።

«ፍርድ ቤት ሁሉም አንድ ነው።» በዚህ ዳርቻ ያለ ሰው ይህን ማለት አልነበረበትም። ፋብሪካው አቃቂ ቃሊቲ ከሆነ የሥራ ክርክሩ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ገላን ከሆነ ሸገር ከተማ ነውና በኦሮሚያ ፍርድ ቤት። አስተዳደሩ በጡረታ ላይ በሰጠው ውሳኔ ቅር ካላችሁ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው የምትሄዱት። ስለዚህ ደረጃዬን ስትወጡ የማቀርብላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ ስማችሁ አይደለም፤ ፋብሪካው ከመንገዱ በየት በኩል ነው የሚለው ነው።