የባሕርይ ጥንካሬዎች ትምህርት በጂሎንግ ግራመር

ጂሎንግ ግራመር በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 የተመሠረተ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ተማሪዎችን ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት በባሕርይ ጥንካሬዎች ለመደገፍ መምህራኑንም ሠራተኞቹንም ካሰለፉ ትምህርት ቤቶች መካከል ፈር ቀዳጅ ነው። ከ1953 ጀምሮ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቹን ቲምበርቶፕ በተባለው ተራራማ ግቢ ያኖራል፤ ተማሪዎቹም የሚታጠቡበትን ውኃ የሚያሞቁበትን እንጨት ራሳቸው ይፈልጣሉ።

የትምህርቱ መሠረት አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ምሁራን ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ማርቲን ሴሊግማን በ2004 ያሳተሙት ምደባ ነው። ምደባው እንደ ጽናት፣ ደግነት፣ የማወቅ ጉጉት፣ ራስን መግዛትና አመስጋኝነት ያሉ 24 ጥንካሬዎችን በስድስት ምግባራት ሥር ያስቀምጣል። ተማሪው መጠይቅ ሞልቶ ከፍ ብለው የሚወጡለት ጥቂቶቹ መለያ ጥንካሬዎቹ ይባላሉ።

አሠራሩ በትምህርት ቤቱ መልክ የያዘው በ2008 ነው። በዚያ ዓመት መባቻ ሴሊግማን ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች ጋር መጥተው መቶ ያህል ሠራተኞችን ለዘጠኝ ቀናት አሠለጠኑ፤ እርሳቸውም ከቤተሰባቸው ጋር በግቢው ለወራት ተቀመጡ። መምህራኑ ትምህርቱን ወደ ክፍል ከመውሰዳቸው በፊት በራሳቸው ኑሮ ሞከሩት፤ ሥር እንዲሰድ የረዳውም ይኸው ቅደም ተከተል ይመስላል።

በክፍል ውስጥም የሚቀድመው መጠይቁ አይደለም። ተማሪው በመጀመሪያ ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ሆኖ የተገኘበትን አንድ አጋጣሚ ይጽፋል። የመጠይቁ ውጤት ሲደርሰው ወደዚያው ጽሑፍ ተመልሶ መለያ ጥንካሬዎቹ የታዩበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ሁለት ያገኛሉ፣ አብዛኞቹም ሦስት። ልጁ ውጤቱን ከወረቀት ሳይሆን ከገዛ ታሪኩ ያነበዋልና የትምህርቱ ልብ ይህ ነው። ቀጥሎ ቤተሰቡን ጠይቆ የጥንካሬዎች የዘር ሐረግ ይሥላል፣ በመጠይቁ ከፍ ካሉለት አምስቱ ውጭ ያለ አንድ ጥንካሬም ይለማመዳል። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ሲያነቡ የገጸ ባሕርያቱን ጥንካሬ ከነጥላው፣ ማለትም ከመጥፎ ገጽታው ጋር፣ ይመረምራሉ።

ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ በሚገኘው ስትራት ሄቨን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተቀራራቢ ሥርዓተ ትምህርት 347 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ትምህርቱን በሚወስዱና በማይወስዱ ክፍሎች በዕጣ መድቦ ተፈትሿል። የተማሩት ጉጉታቸውና የመማር ፍቅራቸው እንደጨመረ፣ ማን እንደተማረ ያላወቁ መምህራን መስክረዋል። በድባቴና በጭንቀት ምልክቶች ላይ ግን ለውጥ አልታየም፤ ስለዚህ ትምህርቱ የምክር አገልግሎትን ወይም ሕክምናን አይተካም።