“ካፓሲተሩን ቀይረው” የሚሉት በሽታ እና ሌሎች የድሮ ጌም ቦርድ ተረቶች

የድሮ አርኬድ (ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱበት ትልቁ ማሽን) እና የድሮ ቲቪ ጌም ቦርድ፣ ማለትም ቺፖቹ የተደረደሩበትን ሰሌዳ፣ እጠግናለሁ፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ። ደንበኞቼ ግማሹ ፈረንጅ ሰብሳቢ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የኛው ልጆች፣ በልጅነታቸው ያላገኙትን ማሽን አሁን ደሞዝ ሲይዙ የሚገዙ። ሁሉም ግን ቦርዱን ጠረጴዛው ላይ ሳያስቀምጡት ምርመራውን ጨርሰው ነው የሚመጡት። “ካፓሲተሩ ነው” ይላሉ፣ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚለቀውን ትንሹን ዕቃ። እንዴት አወቅክ? “ቪዲዮ ላይ አየሁ።” መልሱን መደጋገም ስለሰለቸኝ አንዴ ልዘርግፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄን እልካለሁ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

“ካሴቱ እምቢ ካለ እፍ በልበት”

ይሄንን ያላደረገ ልጅ የለም፣ አውቃለሁ። ግን ትንፋሽ እርጥበት ነው፣ የካሴቱን እግሮች ቀስ በቀስ ያበላሻቸዋል እንጂ አያጸዳቸውም፣ ኔንቴንዶ ራሱ አትንፉበት ብሎ አስጠንቅቋል። ታዲያ ለምን ይሰራ ነበር? አውጥተህ መልሰህ ስለከተትከው ነዋ! እግሮቹ ትንሽ ተፋቅፍቀው ሌላ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ በቃ ይሄው ነው ምስጢሩ። በ1985 አሜሪካ የገባው የኔንቴንዶ ማሽን፣ ኤንኢኤስ ላይ ደግሞ የሚደክመው ካሴቱን የሚቀበለው ባለ 72 እግር ሶኬት ነው። ቀይ መብራቱ በሰከንድ አንዴ ገደማ ብልጭ ድርግም ሲል “ማዘርቦርዱ ሞቷል” ይላሉ፣ አልሞተም። ማሽኑ ውስጥ የመቆለፊያ ቺፕ አለ፣ ካሴቱ ውስጥም ጓደኛው አለ፣ ሁለቱ መነጋገር ካቃታቸው ማሽኑን ደጋግሞ ሪሴት ያደርገዋል፣ ያቃታቸውም ብዙ ጊዜ በቆሻሻ ነው። የጆሮ ጥጥ አልኮል እያስነካችሁ ጥጡ ጥቁር መሆኑን እስኪያቆም ጥረጉት። ደብሊውዲ 40 አትንፉበት፣ እሱ የበር ማጠፊያ ቅባት ነው።

“መጀመሪያ ካፓሲተሩን በሙሉ ቀይረው”

እሺ፣ ወደ ዋናው ንዴቴ መጣን።

ይሄ ነገር ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም፣ እውነት የሆነበት ቦታ አለ፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የአርኬድ ማሽን ውስጥ ሞኒተር አለ፣ ጌም ቦርድ አለ፣ ፓወር ሰፕላይ አለ። ሞኒተሩ ያው የድሮ ቲቪ ነው፣ ይግላል፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ በሙቀት ይደርቃል፣ ስዕሉ መጣመምና መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ እዚያ በኪት የሚሸጠውን ገዝተህ ሙሉውን ቀይር፣ አልከራከርህም። ያረጀ ፓወር ሰፕላይም እንደዚያው። የሴጋ ጌም ጊር (1990) ላይ ያሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች ያፈሳሉ፣ ድምፁ እየሳሳ ስክሪኑ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ቀይራቸው። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ (2001) ላይ ሰዓት የሚይዝ አንድ ካፓሲተር አለ፣ አፍስሶ የቦርዱን መስመር ይበላል፣ እሱንማ ዛሬውኑ ነቅለህ ጣለው፣ ማሽኑ ሰዓቱን ከመርሳት በቀር ምንም አይጎድልበትም (1.6 የሚባለው የመጨረሻው ቦርድ ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ስለሆነ እሱን ተወው)።

ሰው ይሄን ሰማና ሕጉን አንስቶ የ80ዎቹ ጌም ቦርድ ላይ ለጠፈው። ያ ቦርድ ላይ ያለው ቺፕ ነው፣ ረድፍ በረድፍ፣ አንዳንዱ ላይ መቶ ያልፋል፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፣ አብዛኛውም ድምፅ ማጉያው አካባቢ። ከየቺፑ አጠገብ የምታዩዋቸው ትንንሽ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ፈሳሽ የላቸውም፣ ምናቸው ይድረቅ? ከስንት አንዴ ሾርት ያደርጋሉ፣ ያኔም ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ይነግራችኋል። ስዕሉ በካሬ በካሬ የተበጣጠሰ፣ ፊደሉ የተዘበራረቀ ቦርድ ላይ የድምፅ ካፓሲተር መቀየር ራሱን ላመመው ሰው ጥርስ እንደመንቀል ነው።

አንድ የሰፈራችን ልጅ ጥሩ የጃፓን ቦርድ ገዝቶ፣ ጌሙ ተጀምሮ ተጀምሮ ራሱን ያጠፋል ብሎ፣ ኪት አዝዞ ሁሉንም ካፓሲተር ቀይሮ ሲያበቃ አሁንም ያው ሆነበትና አመጣልኝ። ገልብጬ ሳየው ሶልደር (ዕቃውን ቦርዱ ላይ የሚበይደው ቆርቆሮ) የሚይዘውን የመዳብ ቀለበት ሦስት ቦታ ላይ ገንጥሎታል፣ አንዱን ካፓሲተር ደግሞ ፕላስና ማይነሱን አገላብጦ ነው የከተተው። ቴስተር አወጣሁ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 5.05 ቮልት፣ ቦርዱ መሃል ያለ ቺፕ ላይ 4.58 ቮልት። ያ ሁሉ የጠፋው መንገድ ላይ ነው፣ ቦርዱ ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ፣ እግሮቹ ጠቁረው። አጸዳሁት፣ የሶኬቱን ሁለት የተቃጠሉ እግሮች ቀየርኩ፣ ጌሙ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ያጠፋሁት ጊዜ በሙሉ እሱ የገነጠለውን በሽቦ መቀጠል ላይ ነው፣ ያስከፈልኩትም ለዚያ ነው።

ስለዚህ ስሙኝ። ከ1985 ጀምሮ የመጣው ጃማ የሚባለው የአርኬድ ቦርድ ማገናኛ ስታንዳርድ 56 እግር አለው፣ በአንድ ጎን 28፣ በሌላው 28። ከዚያ ሁሉ ውስጥ 5 ቮልቱን የሚሸከሙት አራት ብቻ ናቸው፣ ሙሉ ቦርዱን የሚመግቡት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ትንሽ ሲቆሽሹ ይግላሉ፣ ሲግሉ የባሰ ይበላሻሉ። ቮልቴጁን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ለክቶ “5 አለ” የሚል ሰው ምንም አልለካም። ቺፑ ላይ ነው የሚለካው። 14 እግር ያለው የ74 ተከታታይ ቺፕ (ቁጥሩ ላይ 74 ያለበት ቀላል የሎጂክ ቺፕ) ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩን የቴስተር ሽቦ 7ኛው እግር ላይ ቀዩን 14ኛው ላይ፣ ባለ 16 ከሆነ 8 እና 16። ከ4.75 በታች ከሆነ ሌላ ምንም አትንኩ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ደግሞ “ቮልቴጁን ከፍ አድርገው” የሚሉ አሉ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ብሎን እያዞሩ። የቆሸሸ እግር እያለ ከፍ ካደረጋችሁ እግሩን የበለጠ ነው የምታቃጥሉት፣ ያጸዳችሁት ቀን ደግሞ ትርፉ በሙሉ ቺፖቹ ላይ ይወርዳል።

ቮልቴጁ ደህና ከሆነስ? ከዚያ ሲፒዩ፣ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ዋናው ቺፕ። ፓክማን (1980) እና ብዙ ዘመዶቹ ዜድ 80 ነው ያላቸው፣ 6ኛው እግር ላይ ክሎክ (ቺፑን የሚያስኬደው የጊዜ ምት) መኖሩን፣ 26ኛው ላይ ሪሴቱ ተነስቶ ከፍ ብሎ መቆየቱን በሎጂክ ፕሮብ (እግሩ ላይ ያለው ምልክት ከፍ ወይ ዝቅ ማለቱን በሚያሳይ መሣሪያ) እዩ። ሪሴቱ ደጋግሞ የሚመታ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ስቶ ዋችዶግ የሚባለው ጠባቂ እንደገና እያስነሳው ነው ማለት ነው፣ ያኔ ሮምን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቺፕ) እና ራምን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ትጠረጥራላችሁ፣ ሶኬት ላይ የተቀመጡ ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ ሶኬቱን። ከዚያ የፉጂትሱ አርማ ያለባቸውን የ74 ቺፖች ፈልጉ። የጃፓን ቦርድ ላይ ሞልተዋል፣ በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ ስማቸውን እየጠራ ይራገማል፣ ሲሞቱ መውጫቸው ከፍም አይል ዝቅም አይል፣ ፕሮቡ ዝም ይላል። እንዲህ የተጠረጠረ ቺፕ ላይ ደህናውን ያንኑ ቺፕ ጀርባው ላይ ጭናችሁ እግር ለእግር አጥብቃችሁ ስትይዙት ስዕሉ ከተስተካከለ ሌባውን ይዛችኋል። ካልተስተካከለ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ውስጡ ሾርት የሆነ ቺፕ ደህናውንም አብሮ ይጎትተዋል።

የሞተውን ቺፕ ስታወጡም ሙሉውን ለማዳን አትታገሉ፣ ሞቷል እኮ! እግሮቹን በመቁረጫ ቆርጣችሁ አካሉን አንሱት፣ ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ በትዊዘር ሳቡ፣ ካስቸገረ አዲስ ሶልደር ጨምሩበት ይለሰልሳል። “ቦርዱ እንዳይጎዳ ሙቀቱን ዝቅ አድርጌ ነው የሰራሁት” የሚለው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ዝቅ ካደረጋችሁት ሶልደሩ ስለማይቀልጥ ተጭናችሁ ረጅም ጊዜ ትቆያላችሁ፣ የመዳቡን ቀለበት የሚያስነሳው ያ ነው። የሶልደር ብረቱን 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አድርጉት፣ ቶሎ ገብታችሁ ቶሎ ውጡ።

“ባትሪው ያፈሰሰው አሲድ ነው፣ ቤኪንግ ሶዳ አድርግበት”

አሲድ አይደለም። ኒዮ ጂኦ ኤምቪኤስ የሚባለው የአርኬድ ቦርድ (1990) ላይ ያለው የሚሞላ ኒኬል ካድሚየም ባትሪ የሚያፈሰው አልካላይ ነው፣ ቤኪንግ ሶዳም አልካላይ ነው፣ ምን ልታደርጉለት ነው? አቼቶ ነው የሚያስፈልገው፣ ያው ወጥ ቤት ያለው ነጩ አቼቶ። ባትሪውን ነቅላችሁ፣ በጥርስ ብሩሽ አቼቶ ፈትጋችሁ፣ መፍላቱን ሲያቆም በተጣራ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ መጨረሻ ላይ አልኮል። እዚህ ጋ “ውሃ ቦርድ ይገድላል” የሚል ይነሳል፣ ኤሌክትሪክና ባትሪ የሌለበትን ቦርድ አይገድልም፣ በደንብ ማድረቅ ብቻ ነው።

“ባትሪው ካለቀ ጌሙ ጠፋ”

እንደ ባትሪው ነው። በ1987 አሜሪካ የወጣው ዜልዳ ካሴት ውስጥ ያለው ባትሪ ሴቭ ያደረጋችሁትን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሲያልቅ ሴቩ ይጠፋል ጌሙ አይነካም፣ ባለ ምላስ ባትሪ ገዝቶ መቀየር ነው፣ ሶልደሩን ቀጥታ ባትሪው ላይ እንዳታደርጉ፣ ሊፈነዳ ይችላል። የካፕኮም አርኬድ ቦርድ ሲፒኤስ 2 (1993) ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፕሮግራሙ ተቆልፎ ነው የተቀመጠው፣ ቁልፉ በባትሪ የሚኖር ራም ውስጥ ነው፣ ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል፣ ስክሪኑ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ይሄ እንደ ሞት ይቆጠር ነበር፣ ከ2016 ወዲህ ግን ዋናውን ቁልፍ በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) መልሶ መጻፍ ይቻላል። “የሞተ ቦርድ ነው” ብሎ በርካሽ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ ግዙ።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

ኢፕሮም ቺፕ (በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠፋ ሮም) ላይ መስኮቱን የሸፈነችውን ተለጣፊ አንስተህ ካየህ ጌሙ ይጠፋል? አይጠፋም፣ የአምራቾቹ ሰነድ የሚለው በቀጥታ ፀሐይ አንድ ሳምንት ገደማ፣ በክፍል ፍሎረሰንት ሦስት ዓመት ገደማ ነው። አይታችሁ መልሳችሁ ለጥፉት።

ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ትልቅ ፊውዝ ማድረግ? ቤታችሁ ይቃጠላል።

ኤክስቦክስ 360 ወይም ፕሌይስቴሽን 3 ኦቨን ውስጥ መክተት ይጠግነዋል? ለጥቂት ቀን ወይ ለጥቂት ሳምንት። የ360ው ቀይ መብራት ማይክሮሶፍትን በ2007 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣ ጉዳይ ነው፣ ስንጥቁ ያለው ቺፑ ራሱ ውስጥ እንጂ ቺፑና ማዘርቦርዱ መሃል አይደለም፣ ስለዚህ ማሞቅ ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አያድነውም። ደግሞ እንጀራ የምታሞቁበት ኦቨን ነው እኮ!

ፕሌይስቴሽን 1 ተገልብጦ ሲጫወት “ሌዘሩ ደክሞ ነው” ይባላል። እኛም ገልብጠን ተጫውተናል። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሌዘሩ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ተበልቶ መዝመሙ ነው፣ አጠገቡ ያለው ፓወር ሰፕላይ እያሞቀው። ስትገለብጡት ክብደቱ ወደ ሌላ በኩል ይዞርለታል።

በመጨረሻ፣ ቦርድ የምታመጡልኝ ሰዎች፣ ባትሪ ያለበትን ቦርድ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ አታምጡ፣ ባትሪውን ሾርት ማድረግ ነው። የኮምፒውተር ዕቃ የሚመጣበት ብርማ ከረጢትም ባትሪ ላለበት ቦርድ አይሆንም፣ ላዩ ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ ይችላል፣ ሮዙ ፕላስቲክ ይሻላል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን በስልካችሁ ቅረጹ፣ ከተነሳበት ሰከንድ ጀምሮ። ቺፑ ላይ የለካችሁትን ቮልቴጅ በወረቀት ጽፋችሁ አያይዙ። ካፓሲተር ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ዋጋው ሌላ ነው።