"መጣ" ወይስ "መታ"? በድምፅ የተጻፈ አማርኛን ማረም፣ ከጣና ዳር

በድምፅ መጻፍ ማለት እየተናገሩ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ቃሉን እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ጉግል አማርኛን ወደዚህ አገልግሎት ያስገባው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ነው። ባሕር ዳር ላይ ከፔዳ እስከ ፖሊ ባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ያለ ተማሪ ቴሌግራም ላይ ይጠቀምበታል። ጣቱ በኪቦርድ የሚዘገይበት ሰውም ደብዳቤ ይጽፍበታል። መናገሩ ቀላል ነው። ሥራው ያለው እርማቱ ላይ ነው።

በእጅ ስንተይብ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ፊደል ይዘላል፣ ቃሉ ቃል መምሰሉን ያቆማል፣ ዓይናችን ይይዘዋል። በድምፅ ሲጻፍ ግን ነገሩ ይለያል። ማሽኑ የሰማውን ድምፅ ያያል፤ ከዚያ የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ይገምታል። ስለዚህ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ደህና የአማርኛ ቃል ነው። እኛ ያላልነው ቃል ነው እንጂ።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ለዘመዴ ማመልከቻ እጽፍለት ነበር፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን። "ጎረቤቴ ልጄን ይዞ መጣ" አልኩ። ስክሪኑ ላይ የወጣው "ጎረቤቴ ልጄን ይዞ መታ" የሚል ነው። አንዲት ፊደል ብቻ ናት የተለወጠችው። ግን የመጀመሪያው ውለታ ነው፣ ሁለተኛው ክስ ነው። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጨ እና ቸ በጆሯችን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ልዩነታቸው ግን በጣም አጭር ድምፅ ላይ ነው ያለው። የጣና ነፋስ ማይኩ ላይ ሲያፏጭ ወይም ክረምት ላይ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲወቅጥ ቀድማ የምትጠፋው ያቺ ድምፅ ናት። ባጃጅ የሚበዛበት መንገድ ዳርም ያው ነው። ቤት ገብቶ፣ ስልኩን ወደ አፍ ጠጋ አድርጎ መናገር ብዙ እርማት ያስቀራል።

ሌላው አደገኛ ቦታ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ነው። ማይኩ በደንብ ሳይከፈት ከተናገርን የመጀመሪያዋ ድምፅ ትቆረጣለች። ዓረፍተ ነገሩ በግስ ሲጀምር ደግሞ አሉታው ያለው እዚያው ነው፦ አልከፈለም፣ አልመጣም፣ አይሆንም። "አል" ስትጠፋ የከፈለና ያልከፈለ ይምታታል። የማይኩ ምልክት እስኪበራ ትንሽ መጠበቅ ነው።

የሀ፣ የሐና የኀ ነገር ግን የማሽኑ ጥፋት አይደለም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ዛሬ በንግግር አንድ ናቸው። በድምፅ ብቻ ማንም ሊለያቸው አይችልም። የጣናውን ገዳም ናርጋ ሥላሴን በ"ሥ" የሚፈልግ ሰው፣ ማሽኑ በ"ስ" ከጻፈበት በእጁ ማስተካከል አለበት።

ወደ አስተራረሙ እንምጣ። የተሳሳተውን ቃል መርጦ ደግሞ መናገር ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሠራው ስህተት አለ። ማሽኑ ሳይሰማን ሲቀር እንጮሃለን፣ ፊደል በፊደል እየጎተትን "መ... ጣ" እንላለን። ይህ ያባብሰዋል። ማሽኑ የተማረው፣ ሰው እንደወትሮው ሲናገር ከተቀዳ ድምፅ ነው፤ የተጎተተ ቃል እንግዳ ይሆንበታል። የሚሻለው ሙሉውን ሐረግ በተለመደው ፍጥነት መድገም ነው። አጠገቡ ያሉት ቃላት ግምቱን ያግዙታል። ሁለቴ እምቢ ካለ ግን መታገል አያስፈልግም፤ በእጅ መጻፍ ይፈጥናል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ድራገን የተባለው ፕሮግራም በንግግር ትእዛዝ ብቻ ቃል ያስመርጣል፣ ያሳርማል፤ ከእርማቱም የተናጋሪውን አነጋገር ይማራል። በአማርኛ አይሠራም። ጉግል ዶክስ የተባለው የጉግል ጽሑፍ ማዘጋጃ አማርኛ ቢጽፍም የድምፅ ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ብቻ ናቸው። "የመጨረሻውን ቃል ሰርዝ" ብትሉት እንደ ሌላው ንግግር ሁሉ ይጽፈዋል። እርማት ለእኛ አሁንም የእጅ ሥራ ነው፤ አራት ነጥቡንም በእጅ ማስገባቱ ይቀላል።

የቦታ ስም ለብቻው ጣጣ አለው። ደቅ ደሴት በቀላሉ "ደግ" ሊሆን ይችላል። ያው ስም ደጋግሞ ከተሳሳተ በየቦታው ማቆም አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ ፈልጎ መተካት ይቻላል። አንድ በአንድ እያዩ ነው ታዲያ። ሁሉንም በአንዴ ከተኩት "ደግ ሰው" የነበረው "ደቅ ሰው" ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የማምነው ግን ጮክ ብሎ ማንበብን ነው። ዓይን ያሰብነውን ያነብልናል፤ ጆሮ ግን የተጻፈውን ይሰማል። እኔም ማመልከቻውን በዓይኔ ሁለቴ አልፌዋለሁ። "ይዞ መታ" የተያዘችው ለዘመዴ ሳነብለት ነው። "ኧረ እሱ መች መታና!" ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ።