«ሲደርስ እናየዋለን»፦ ስለ መውለድ አቅም የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

ወጣት ሳለን የሚነገረን አንድ ነገር ነው፤ ሳይታሰብ እንዳይረገዝ ተጠንቀቁ። ልጅ ሲፈለግ ምን እንደሚያስፈልግ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስረዳንም። ያው በራሱ ይመጣል ተብሎ ነው። ብዙዎች መጠየቅ የሚጀምሩት ሞክረው ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወሬ ነው የሚመራቸው። ቀድማችሁ እወቁ ስል ነገ ውለዱ እያልኩ አይደለም። ጊዜ ካለ የሚስተካከል ነገር ስላለ ነው።

«የወር አበባዬ ቀኑን አይስትም፣ ስለዚህ ችግር የለብኝም»

ቀኑን የማይስት የወር አበባ ጥሩ ምልክት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል በየወሩ እየተለቀቀ መሆኑን ያሳያል። የማህፀን ቱቦ ክፍት ይሁን ዝግ ግን አይናገርም። በወሲብ የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ ብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ቱቦውን ሊጎዱ ይችላሉ። በጊዜ ከተገኙ በአንቲባዮቲክ ይድናሉ። አንዴ የተፈጠረ ጠባሳ ግን በመድኃኒት አይጠፋም።

ዕድሜንም አይናገርም። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ነው። ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ገደማ ይቀራል። በ40 ዓመቷ የወር አበባዋ ሳይዛነፍ ቢመጣም፣ እንቁላሎቹ አብረዋት 40 ዓመት ሆኗቸዋል።

«እርግዝና የሚፈጠረው በ14ኛው ቀን ነው»

ይሄ የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። እንቁላል የሚለቀቀው በአማካይ ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ከኋላ ነው። ዑደቷ 35 ቀን የሆነ ሴት እንቁላሏ የሚለቀቀው በ21ኛው ቀን አካባቢ ነው። በ14ኛው ቀን ብቻ የምትሞክር ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀኑን እየሳተች ነው።

ሌላም አለ። ስፐርም ሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላል ግን ከተለቀቀ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ዕድል ያላቸው ቀኖች 6 ናቸው፤ እንቁላል የሚለቀቅበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት 5 ቀናት። ቀኑ እስኪደርስ ጠብቆ መሞከር ማለት ብዙ ጊዜ መዘግየት ነው። የስልክ አፕ በአማካይ ይገምታል እንጂ አካልን አያይም። የማህፀን ፈሳሹ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ክፍል ሲጠራና ሲለጠጥ ቀኑ ቀርቧል ማለት ነው። በየቀኑ ወይም ሁለት ቀን በሆነ ቁጥር ለሚገናኙ ጥንዶች ግን ይሄ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም።

«መከላከያ መካን ያደርጋል»

አያደርግም። ክኒን፣ ሉፕና ክንድ ላይ የሚቀበረው ሲቆሙ የመውለድ አቅም ቶሎ ይመለሳል። የሦስት ወሩ መርፌ ብቻ ይለያል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ አንድ ዓመት የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ወሬው ምናልባት ከዚህ የመጣ ይሆናል። ክኒን ሳይጀመር በፊት የተዛባ የነበረ ዑደትም ክኒኑ ሲቆም ተመልሶ ይታያል፤ ያኔ ጥፋተኛው ክኒኑ ይሆናል። በነገራችን ላይ ክኒን እንቁላልም አይቆጥብም።

«ችግር ካለ የሴቷ ነው»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መውለድ ካስቸገራቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ። እሷ ከሐኪም ሐኪም ትዞራለች፣ አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ ቱቦዋ በራጅ ይታያል። እሱ አንዲት ዕቃ ውስጥ ናሙና ለመስጠት ያፍራል።

«እኔ ምንም አልጎደለኝም» ይላል። የወሲብ አቅምና የስፐርም ብዛት ግን አይገናኙም። ከሚፈሰው ፈሳሽ አብዛኛው የሚመነጨው ከዘር ፍሬ ሳይሆን ከሌሎች ዕጢዎች ነው። ውስጡ አንድም ስፐርም ባይኖር በዓይን አይለይም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ሳይፈስ ቆይቶ ናሙና መስጠት ነው። ውጤቱ ዝቅ ካለ በአንዱ አይፈረድም፤ ይደገማል። ስፐርም ለመመረት 2 ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከሁለት ወር በፊት የያዘ ኃይለኛ ትኩሳት ዛሬ ውጤቱ ላይ ሊታይ ይችላል። ሲጋራ ዛሬ ያቆመም ለውጡን ለማየት 3 ወር ያህል መታገሥ አለበት።

ለጂም ሰዎች ደግሞ፦ ለጡንቻ ተብሎ የሚወሰድ ቴስቶስትሮን ስፐርም ማምረትን ይቀንሳል፣ ጭራሽ ሊያቆመውም ይችላል። አንጎል ሆርሞኑ ከውጭ ሲመጣለት ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትዕዛዝ ያቋርጣል። ከተተወ በኋላም ለመመለስ ወራት ይወስዳል። በልጅነቱ የዘር ፍሬው ሳይወርድ የቀረ፣ ወይም ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት የዘር ፍሬው ያበጠበት ወንድ፣ ሳይቸገር ቀድሞ ቢመረመር ይሻለዋል።

«አንድ የደም ምርመራ ቁርጡን ይነግረኛል»

ኤኤምኤች የሚባለው ነው። የቀረውን እንቁላል ብዛት ይገምታል፤ አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ከአካል ውጭ በላብራቶሪ የሚገናኙበት ሕክምና) ለሚሠራ ሐኪም በጣም ይጠቅመዋል። ጥራትን ግን አይለካም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉና ከዚያ በፊት የመካንነት ችግር ያልነበረባቸውን ሴቶች ተከታትሎ ነበር። ኤኤምኤች ዝቅ ያለባቸው በተፈጥሮ የማርገዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ አላነሰም። በወር የሚያስፈልገው አንድ ደህና እንቁላል ነውና። የ26 ዓመት ሴት ቁጥሩ አነሰ ብላ አትደንግጥ፤ የ41 ዓመቷም በዛልኝ ብላ አትዘናጋ።

«ካልሆነ አይቪኤፍ አለ»

አለ፤ ግን በራስ እንቁላል ሲሠራ የእንቁላሉን ዕድሜ ወደ ኋላ አይመልስም።

«አንድ ስለወለድን ሁለተኛው አያስቸግርም»

ያስቸግራል፣ አንዳንዴ። በመሀል ዕድሜም ጤናም ይለወጣል።

«35 ከሞላ አበቃ»

አላበቃም። የመውለድ አቅም ከ30ዎቹ መጀመሪያ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ከ35 ወዲያ ፍጥነቱ ይጨምራል። አንድ ቀን ድንገት የሚዘጋ በር የለም። የሚለወጠው ሐኪም ጋ ከመሄድ በፊት የሚጠበቀው ጊዜ ነው፦ ከ35 በታች አንድ ዓመት ከሞከሩ በኋላ፣ ከ35 በላይ ከ6 ወር በኋላ፣ ከ40 በላይ ወዲያው። የወር አበባዋ ከ21 ቀን ባነሰ ወይም ከ35 ቀን በላይ በሆነ ጊዜ የሚመጣ፣ ሕመሙ ከሥራ የሚያስቀራት፣ ወይም የካንሰር ሕክምና የሚጠብቃት ሴት ግን በየትኛውም ዕድሜ አትጠብቅ።

«ቫይታሚኑ ሲረገዝ ይጀመራል»

ያኔ ዘግይቷል። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሠረሰር የሚወጡበት ቱቦ የሚዘጋው ፅንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሴቶች ያን ጊዜ የወር አበባቸው መቅረቱን ገና እየተጠራጠሩ ነው። ስለዚህ ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ቫይታሚን፣ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ መጀመር ያለበት ከእርግዝና ቢያንስ አንድ ወር በፊት ነው። የሩቤላ (ፅንስን የሚጎዳ፣ ኩፍኝ መሰል በሽታ) ክትባትም እንዲሁ በእርግዝና ወቅት ስለማይሰጥ ቀድሞ ይወሰዳል፤ ከተወሰደ በኋላም ለማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር ይጠበቃል።