ለህትመት የሚዘጋጅ ፎቶ ሪዞሉሽን ማሳደግ

ስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ ፎቶ ወረቀት ላይ ሲወጣ ብዥ ሊል ይችላል። ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ ጽሑፍ ካለበት ፊደሉ ይደባለቃል። ማተሚያ ቤቶች እንዲህ ያለውን ፋይል ሲመልሱ የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ "ሪዞሉሽኑ ዝቅተኛ ነው፣ 300 አድርጋችሁ ላኩ።" ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደየሰው ነው። አንዱ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ይልካል። ሌላው ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸውን ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች፣ ይጨምራል። አንዳንዱ ደግሞ ዋናውን ፎቶ ፈልጎ ያመጣል። ሁሉም "300 አደረግኩት" ይላሉ፤ የሚታተመው ግን ለየቅል ነው።

ዲጂታል ፎቶ በራሱ የሴንቲሜትር መጠን የለውም። ያለው የፒክስል ብዛት ነው፤ ለምሳሌ 3000 በ2000። ሪዞሉሽን የሚመጣው ፎቶው ወረቀት ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ሲወሰን ነው። በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲሜትር ውስጥ የሚሰለፉት ፒክስሎች ብዛት ፒፒአይ ይባላል። 3000 ፒክስል በ10 ኢንች ላይ ሲዘረጋ 300 ፒፒአይ ነው። ያው ፎቶ ወደ 20 ኢንች ሲለጠጥ 150 ይሆናል። ከፎቶው ምንም አልጠፋም፤ እያንዳንዱ ፒክስል ግን ሰፍቷል።

ለመሆኑ 300 ከየት መጣ? በማተሚያ ቤቶች የተለመደው የኦፍሴት ማሽን በጥቁር ቀለም ግራጫ ማተም አይችልም። ወይ ይቀባል ወይ አይቀባም። ፈዘዝ ያለ ግራጫ የሚመስለን ነገር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጭ ወረቀት ላይ የተደረደሩ ደቃቅ ጥቁር ነጥቦች ነው። ጨለም ያለው ቦታ ላይ ነጥቦቹ ትልልቅ፣ ፈካ ያለው ቦታ ላይ ትንንሽ ናቸው። ይህ ሃፍቶን ይባላል። ነጥቦቹ በመስመር ስለሚደረደሩ ጥራታቸው የሚለካው በአንድ ኢንች ውስጥ በሚገቡት መስመሮች ነው። ቀለም በሚመጥ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ከ85 እስከ 100 ያህል መስመር ይገባል። በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ 150 አካባቢ ነው። የሙያው የቆየ ልማድ ለአንድ መስመር ሁለት ፒክስል ይመድባል። 150 በ2 ሲባዛ 300 ይመጣል። ለጋዜጣ በዚሁ ስሌት 200 ይበቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ 300 ለሁሉም ሥራ የተደነገገ ሕግ አይደለም።

ዲፒአይ የሚባለውም፣ ማለትም ማሽን በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያሳርፋቸው ነጠብጣቦች ብዛት፣ እዚህ ላይ ይለያል። ፕሌት፣ ማለትም ኦፍሴት ማሽኑ የሚያትምበትን ሉህ፣ የሚያወጣ ማሽን በ2400 ዲፒአይ ሲሠራና መስመሩ 150 ሲሆን፣ አንዱ የሃፍቶን ነጥብ የሚሠራው 16 በ16፣ በድምሩ 256 ጥቃቅን ነጠብጣብ በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ነው። 2400 የማሽኑ ቁጥር ነው፤ 300 የፎቶው። ሰው ሁሉ በንግግር "ዲፒአይ" እያለ ሁለቱንም ይጠራል፤ ይህን ማረም ከንቱ ድካም ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ካወቁ ይበቃል።

ከወረቀቱ ሌላ ርቀትም ይወስናል። ጤነኛ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር በማዕዘን ሲለካ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ነው። መጽሔት በሚያዝበት በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ይህ ወደ 290 ፒፒአይ ይመጣል። አንድ ሜትር ሲርቁ 87 ገደማ ይሆናል። 10 ሜትር ላይ 9 አይሞላም። ሕንፃ ላይ የሚሰቀል ቢልቦርድ በ20 ወይም በ30 ፒፒአይ ታትሞ ጥርት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ትልቅ ህትመት ብዙ ፒክስል ይፈልጋል የሚለው እምነት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ኤ4 ገጽ በ300 ፒፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል፤ 8.7 ሚሊዮን ገደማ። ኤ1 ፖስተር በዚያው በ300 ይሁን ከተባለ ወደ 70 ሚሊዮን ይደርሳል። ፖስተሩን ግን ሰው ራቅ ብሎ ነው የሚያየው። በ150 ከተሠራ 17 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ፎቶ ለማሳደግ ከመነሳት በፊት ይህን ማስላት ብዙ ልፋት ያስቀራል። አንዳንዴም ማሳደግ ጭራሽ አያስፈልግም።

72 የሚለው ቁጥርም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ፋይሉ ሲከፈት "72" ይላል፣ ደንበኛውም ፎቶው የማይረባ ይመስለዋል። ቁጥሩ የመጣው ከ1984ቱ የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ስክሪን ነው። በአንድ ኢንች 72 ፒክስል ነበረው፤ የፊደል መጠን የሚለካበት ፖይንትም የኢንች 72ኛ ስለሆነ ስክሪኑና ወረቀቱ ይገጣጠሙ ነበር። ዛሬ ፋይል ውስጥ ተጽፎ የሚገኘው 72 ስለ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም። 6000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ 72 ቢልም ለመጽሔት ገጽ ይተርፋል። 600 ፒክስል ብቻ ያለው 300 ቢልም ከ5 ሴንቲሜትር አያልፍም።

ፎቶሾፕ ውስጥ ሁለቱ ነገሮች የሚለያዩት ኢሜጅ ሳይዝ በሚለው መስኮት፣ ሪሳምፕል በምትባል አንዲት ምልክት ነው። ምልክቷ ከጠፋች 72ን ወደ 300 መቀየር ፒክስሉን አይነካም፤ የወረቀቱ መጠን ብቻ ያንሳል። ምልክቷ ካለች ፕሮግራሙ አዲስ ፒክስል ይፈጥራል። 1000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ ወደ 3000 ሲያድግ ቁመቱም በሦስት ስለሚባዛ አጠቃላይ ፒክስሉ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ካሜራው ያየው ከዘጠኝ አንዱን ነው። ስምንቱ ግምት ነው።

ግምቱ እንዴት እንደሚገመት ነው እንግዲህ ዘዴዎቹን የሚለያያቸው። ኒረስት ኔበር የቅርቡን ፒክስል እንዳለ ይደግማል። ለፎቶ አይሆንም፣ ለስክሪንሾትና ለኪውአር ኮድ ግን ጠርዙን ስለማያደበዝዝ ተመራጭ ነው። ባይሊኒየር የአራት ጎረቤት ፒክስሎችን አማካይ ይወስዳል። ባይኪዩቢክ 16 ጎረቤቶችን ያያል፤ ለረጅም ዓመታት የዲዛይነሮች መደበኛ ምርጫ እሱ ነበር። ላንክዞስ የሚባለው ትንሽ የሰላ ውጤት ይሰጣል፣ አንዳንዴ ግን በጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ጥላ ይተዋል። ሁሉም የሚሠሩት በሒሳብ ብቻ ነው። ያዩት ነገር ዓይን ይሁን ቅጠል አያውቁም። ስለዚህ ውጤታቸው ሐቀኛ ነው፤ ግን ለስላሳ ነው።

በ2014 የወጣው ኤስአርሲኤንኤን የተባለ ሥራ ሌላ መንገድ ከፈተ። ትንሽና ትልቅ ፎቶዎች ጎን ለጎን እየታዩት የሠለጠነ ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም፣ ነበር። ከዚያ በ2018 ኢኤስአርጋን መጣ። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቢ በ2021 ሱፐር ሪዞሉሽን የሚባለውን ካሜራ ሮው በተሰኘው ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባ፤ ስፋቱንም ቁመቱንም በሁለት ያባዛል። ቶፓዝ ጊጋፒክስል የተባለው ፕሮግራም በክፍያ፣ አፕስኬል የተባለው በነፃ ይገኛሉ። ውጤታቸው መጀመሪያ ሲታይ ያስደንቃል። ፀጉር ክር በክር ይታያል፣ ጡብ ከጡብ ይለያል፣ ቅጠሉ ጅማት ያወጣል።

ችግሩ ያ ጅማት እዚያ ቅጠል ላይ መኖሩን ማንም አያውቅም። ፕሮግራሙ ሌላ ቅጠል ላይ አይቶ ነው የሳለው። በ2020 ፐልስ የተባለ መሣሪያ ሆን ተብሎ የደበዘዘ የባራክ ኦባማ ፎቶ ተሰጥቶት የነጭ ሰው ፊት አወጣ። መሣሪያው ጥርት ያለ ፊት አምጣ ሲባል አመጣ፤ የማን ፊት እንደሆነ የሚያስታውስበት መረጃ ግን አልነበረውም። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች በጣም የተሻሉ ናቸው። ፎቶው ትንሽ ከሆነ ግን የሰው ቆዳ አሁንም ሰም ይመስላል፣ የራቀ ሰው ፊትም ይጣመማል፣ ትንንሽ ጽሑፍ የማይነበብ ፊደል ይሆናል። ለሰርግ አልበም ጀርባ፣ ለሰማይና ለተራራ ይህ ጣጣ የለውም። ለዜና ፎቶ፣ ለሕክምና ምስል፣ ለማስረጃና ለጥንታዊ ሰነድ ግን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ባይነካው ይሻላል። በእኔ ግምት ከሁለት እጥፍ በላይ ማሳደግ ሲያስፈልግ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ጥያቄ "ሌላ ፎቶ የለም ወይ?" የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ አለ። የመልእክት መተግበሪያዎች ፎቶን አሳንሰውና አጭቀው ነው የሚልኩት። ላኪው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ "እንደ ፋይል" ቢልከው ኖሮ ዋናው ይደርስ ነበር። ከዎርድ ሰነድ የወጣ ፎቶም ይጠረጠራል፤ ፕሮግራሙ ሰነዱን ሲያስቀምጥ ምስሎቹን ብዙ ጊዜ ወደ 220 ፒፒአይ ያወርዳቸዋል፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ። ከወረቀት ወይም ከፊልም የተቀዳ ከሆነ እንደገና ስካን ማድረግ ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጣል። 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነ ፊልም ለኤ4 ገጽ እንዲበቃ በ2500 ፒፒአይ አካባቢ መነበብ አለበት። ስካነሩ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ግን አይመኑ። የሚቆጠረው የሌንሱ የኦፕቲካል አቅም ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ስካነሩ ውስጥ የተሠራ ያው ግምት ነው።

ሎጎና ጽሑፍ የተለየ ጉዳይ ነው። እነሱን ከፎቶ ላይ ማሳደግ ብክነት ነው። ሎጎው በቬክተር፣ ማለትም በፒክስል ሳይሆን በመስመር ስሌት፣ እንደገና ይሳል፤ ጽሑፉም በገጽ ማቀናበሪያው ውስጥ እንደገና ይጻፍ። ቬክተር በፈለጉት መጠን ቢለጠጥ አይደበዝዝም። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ የመስመር ሥዕል በፎቶነት ከቀረ ደግሞ 300 አይበቃውም፤ እስከ 1200 ይጠየቃል፣ ምክንያቱም ጠርዙን የሚያለሰልስ ግራጫ የለውም።

ማሳደጉ የግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ጄፔግ ፎቶን በ8 በ8 ፒክስል ሳጥን ከፋፍሎ ነው የሚያጭቀው። ጥራቱ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ፎቶ ሲያድግ እነዚያ ሳጥኖች አብረው ያድጋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የጄፔጉን ቆሻሻና ኖይዝ የሚባለውን ሽብርቅርቅ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ማሳደግ፣ መጨረሻ ላይ ሻርፐን ማድረግ፣ ማለትም ጠርዙን ማጉላት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ሻርፐን አድርጎ ኋላ ያሳድጋል፣ ጠርዙም ነጭ ክር ያወጣል። ውጤቱ ከመጠን በላይ ለስላሳ ከሆነ ደቃቅ ግሬን፣ ማለትም እንደ ፊልም ያለ ሸካራ ነጠብጣብ፣ መጨመር የቆየ ዘዴ ነው። ግሬኑ ዝርዝር አይመልስም፤ ላስቲክ የመሰለውን ቆዳ ግን ይሰብረዋል። የተሠራውን ጥራት በማይቀንሰው በቲፍ ፋይል ማስቀመጥ ይሻላል፤ በየማስቀመጡ ጄፔግ ካደረጉት ያጸዱት ቆሻሻ ይመለሳል።

ገጹ ላይ ሲገባ ሌላ ቁጥር ይጠብቃል። የገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይን ሊንክስ በሚለው ሰሌዳው ላይ ሁለት ፒፒአይ ያሳያል፤ አንዱ ፋይሉ ይዞት የመጣው፣ ሌላው ገጹ ላይ ከተለጠጠ በኋላ የቀረው። የሚታተመው ሁለተኛው ነው። 300 ሆኖ የገባ ፎቶ ሁለት እጥፍ ከተለጠጠ 150 ሆኗል፤ ይህን አስቀድሞ መያዝ የፕሪፍላይት፣ ማለትም ከህትመት በፊት ፋይሉን የመፈተሽ፣ ሥራ ነው። ፒዲኤፍ ሲወጣም ፕሮግራሙ ፒክስል አይጨምርም። የተለመደው የህትመት ቅንብር ከ450 በላይ የሆነውን ወደ 300 ያወርዳል፤ ከ300 በታች ያለውን እንዳለ ያሳልፈዋል።

ፍርዱን ስክሪን ላይ መስጠት ከባድ ነው። ፎቶው 400 ፐርሰንት ተጎትቶ ሲታይ ሁሉም ያስጠላል፤ ገጹ በሙሉ ስክሪኑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ያምራል። የሚሻለው ከፎቶው ፊት ወይም ጽሑፍ ያለበትን ቁራጭ መርጦ፣ ሳያሳንሱ በእውነተኛ መጠኑ አትሞ፣ አንባቢው በሚያይበት ርቀት ላይ ይዞ ማየት ነው። ያደገውንና ያላደገውን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ማተም ይቻላል። ልዩነቱ ካልታየ ያላደገውን መላክ ነው።