የሴቶች አጥንትና ሆርሞን፦ የምርምሩ ጉዞ

አጥንትን ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ ቤት ምሰሶ ነው። አንዴ ከቆመ ቆመ። አጥንት ግን ሕያው ነው። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሴሎች አሉት፤ ኦስቲዮክላስት ይባላሉ። እነሱ ባፈረሱበት ቦታ አዲስ የሚሠሩት ደግሞ ኦስቲዮብላስት ናቸው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ አጥንት እንዲህ ይታደሳል። አፍራሹ ከገንቢው እንዳይቀድም ልጓም የሚይዙት ሆርሞኖች ናቸው። በሴቶች ዋናው ልጓም ኢስትሮጅን ነው፤ ሴት ስታርጥ በጣም ይቀንሳል።

ልጓሙ ሲላላ ምንም አይሰማም። አጥንት እየሳሳ ሲሄድ አያምም፣ አያተኩስም። ብዙ ሴቶች የሚያውቁት ወድቀው እጃቸው ወይም ዳሌያቸው ሲሰበር ነው። አንዳንዶቹ ቁመታቸው ሲያጥርና ጀርባቸው ሲጎብጥ "ዕድሜ ነው" ብለው ያልፉታል። አከርካሪያቸው ውስጥ ግን አንድ ሁለት አጥንት ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። 50 ዓመት ካለፋቸው 3 ሴቶች አንዷ በቀሪ ዕድሜዋ በአጥንት መሳሳት ሰበብ ስብራት እንደሚያጋጥማት ይገመታል። ሳይንሱ ይህን ዝምተኛ ችግር ከሆርሞን ጋር ለማገናኘት ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን ትልቅ ፍንጭ የሰጠው አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ነው። ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ያለ ዕድሜያቸው አጥንታቸው የሚሰበር ሕሙማኑን ሲያያቸው አብዛኞቹ ያረጡ ሴቶች ሆኑበት። በ1941 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን በቀጥታ ከኢስትሮጅን ማነስ ጋር አያያዘው። ያኔ የአጥንትን ጥግግት የሚለካ መሣሪያ እንኳ አልነበረም። የነበረው ራጅና የሐኪሙ ዓይን ብቻ ነው። በ1976 ደግሞ የግላስጎው ተመራማሪዎች የኢስትሮጅን ምንጭ የሆነው እንቁልጢያቸው (ኦቫሪያቸው) በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሴቶች ተከታትለው ውጤቱን አሳወቁ። ኢስትሮጅን የተሰጣቸው ሴቶች አጥንት ባለበት ጸና። ያልተሰጣቸው ሴቶች አጥንት ግን ሳሳ።

ከዚያ መለኪያው መጣ። ዴክሳ የሚባለው አነስተኛ ጨረር የሚጠቀም ምርመራ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኑን አስቀመጠ። የአንዲት ሴት አጥንት ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ ጋር ይነጻጸራል፤ አማካዩ ዜሮ ተብሎ ይያዛል። ውጤቱ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ የአጥንት መሳሳት ነው ይባላል።

በዚያው በ1994 የታተመ አንድ ታሪክ ሁሌም ይገርመኛል። ሰውየው የ28 ዓመት ወንድ ነው። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሷል፤ አሁንም እያደገ ነው። አጥንቱ ሲታይ የ15 ዓመት ልጅ አጥንት ይመስላል፤ ደግሞም የሳሳ ነው። በደሙ ውስጥ ኢስትሮጅን ሞልቷል፤ ነገር ግን ሆርሞኑን የሚቀበለው የሴሎቹ "በር" በዘር በመጣ ስህተት አይሠራም። የሴት ሆርሞን እያልን የምንጠራው ነገር የወንድን አጥንት ጭምር እንደሚያጠነክርና እድገትን እንደሚያቆም ያረጋገጠው ይህ ሰው ነው።

ኢስትሮጅን አፍራሾቹን እንዴት እንደሚገታ የተገለጠው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1997 እና በ1998 ተመራማሪዎች ራንክ-ሊጋንድ የሚባል ፕሮቲንና ተቃራኒውን ለዩ። የመጀመሪያው አፍራሾቹን ያነሳሳል፤ ሁለተኛው ያስታግሳል። ኢስትሮጅን ሲቀንስ ሚዛኑ ወደ አነሳሹ ያደላል። ይህ ዕውቀት ዴኖሱማብ የተባለውን መድኃኒት ወለደ፤ በየ6 ወሩ በመርፌ ይሰጣል። 7,868 ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ በ3 ዓመት ውስጥ የአከርካሪ ስብራትን በ68 በመቶ ቀንሷል። አንድ ነገር ግን ጮክ ተብሎ ሊነገር ይገባል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ አደገኛ ነው። ታፍኖ የቆየው የአፍራሾቹ ሥራ በኃይል ይመለሳል፤ አከርካሪም ተከታትሎ ሊሰበር ይችላል።

አሁን ብዙ ሴቶችን ያስፈራው ሙከራ ላይ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 16,608 ሴቶች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። ግማሾቹ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን (ከኢስትሮጅን ጋር የሚሰጥ ሌላ ሆርሞን) ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን። በሐምሌ 2002 ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆመ። የዳሌ ስብራት በሲሶ ገደማ ቀንሶ ነበር። በሌላ በኩል ግን የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት ጨመረ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ሴቶችም ሐኪሞችም ሆርሞኑን እየጣሉ ሸሹ።

ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ነገር ግን ወደማይመለከታቸው ሴቶች ጭምር ተሻገረ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የኋላ ትንተናዎች እንዳሳዩት 60 ዓመት ሳይሞላቸው ወይም ባረጡ በ10 ዓመት ውስጥ ለሚጀምሩ ጤነኛ ሴቶች ሚዛኑ የተለየ ነው። እንቁልጢዋ በ30 ዓመቷ ሥራ ያቆመባት ሴት ጉዳይማ ጭራሽ ሌላ ነው። እሷ የምትወስደው ሰውነቷ ሊያመነጨው ይገባ የነበረውን ነው። ከ40 ዓመት በፊት እንዲህ የሚሆንባቸው ሴቶች ከ100 ከአንድ እስከ አራት ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ለነሱ የሚመከረው፣ የሚከለክል ሕመም ከሌለ፣ ሴቶች በተፈጥሮ እስከሚያርጡበት ዕድሜ ድረስ ሆርሞኑን መውሰድ ነው። በ2002 ወሬ ፈርተው ሳይወስዱ የቀሩትን ሳስብ ያሳዝነኛል።

ማንን እንደምናጠና የምናውቀውን ይወስናል። በ1986 የተጀመረው ትልቁ የአሜሪካ የስብራት ጥናት 9,704 ሴቶችን መዘገበ። ሁሉም 65 ዓመት የሞላቸው ነጮች ነበሩ፤ ጥቁር ሴቶች የተጨመሩት ከዓመታት በኋላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ስዋን የተሰኘው ጥናት ግን ከተለያዩ ብሔረሰቦች የመጡ 3,302 ሴቶችን ከማረጣቸው በፊት ጀምሮ ተከታተለ። ያገኘው ነገር ዓይን ገላጭ ነው። አጥንት በፍጥነት መሳሳት የሚጀምረው ከመጨረሻው የወር አበባ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል እየገሰገሰ ይቀጥላል። ሴትየዋ ገና "ወር አበባዬ ተዛባ" እያለች ሳለ ማለት ነው።

ወጣቶቹስ? በ1984 ባርባራ ድሪንክዋተርና ባልደረቦቿ የወር አበባቸው የቀረ ሴት አትሌቶችን አጥንት ለኩ። አማካይ ዕድሜያቸው 25 ገደማ ነበር። የአከርካሪያቸው ጥግግት ግን የ51 ዓመት ሴት ያህል ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ልጆች ጡንቻቸው የጠነከረ፣ ሰው "ጤና ማለት እሷ ናት" የሚላቸው ነበሩ። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። የሚበሉት ከሚያቃጥሉት ሲያንስ አንጎል ለእንቁልጢ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ኢስትሮጅን ይወርዳል። በ2014 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ችግሩን አስፍቶ አዲስ ስም ሰጠው፤ ወንድ አትሌቶችንም ጨመረ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን እየወሰደች በየወሩ ደም ስላየች አጥንቷ ዳነ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ምግቡ መስተካከል አለበት። ሆርሞን ካስፈለገ ደግሞ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኢስትሮጅን ከኪኒኑ የተሻለ ውጤት አሳይቷል።

ኢስትሮጅን ብቻውን አይደለም። ጀርመናዊው ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1891 የታይሮይድ ሆርሞኗ በዝቶ የሞተች ወጣት ሴት አጥንት ነቀዝ እንደበላው ሆኖ አግኝቶታል። የታይሮይድ ኪኒን ከልክ በላይ ሲወሰድም አጥንት ይጎዳል። አንገት ውስጥ ያሉት ትናንሽ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ሲበዛ ከአጥንት ውስጥ ካልሲየም ይመዛል፤ በብዛት የሚያጠቃውም ያረጡ ሴቶችን ነው። በተራ የደም ምርመራ ስለሚታይ መሳሳት በተገኘባት ሴት ሁሉ ካልሲየም መታየት አለበት። ኮርቲሶል ሲበዛ፣ በሕመምም ይሁን ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ በሚወሰድ ስቴሮይድ፣ የገንቢዎቹ ጉልበት ይዝላል።

የወሊድ መከላከያው የሦስት ወር መርፌም ይነሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 መርፌው አጥንት እንደሚያሳሳ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የኋላ ክትትሎች ግን መርፌው ሲቆም አብዛኛው አጥንት እንደሚመለስ አሳይተዋል። ስለዚህ ደንግጦ መጣል አያስፈልግም። ለዓመታት የምትወጋ ሴት ከሐኪሟ ጋር ብትነጋገርበት ግን ጥሩ ነው።

በጣም ደስ የሚለው አዲስ ግኝት ከጡት ማጥባት የመጣ ነው። እናት ስታጠባ ኢስትሮጅኗ ዝቅ ይላል፤ ካልሲየሟም ወደ ወተቱ ይሄዳል። በ6 ወር ውስጥ ከአከርካሪዋ ከ5 በመቶ በላይ ልታጣ ትችላለች። ጡት ስታስጥል ግን በአብዛኛው ይመለሳል። ልጓሙ በላላበት ሰዓት ጨርሶ የማይፈርሰው ለምንድን ነው? በ2024 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚያጠቡ አይጦች አንጎል ሲሲኤን3 የተባለ ሆርሞን እንደሚያመነጭና ይህም ሆርሞን አጥንት እንደሚገነባ አገኙ። ገና አይጥ ላይ ነው፤ ቢሆንም የእናት አንጎል ለእናት አጥንት እንደሚያስብ ማወቅ ልብ ይነካል።

ወጣት ሴቶች ላይ ግን ክፍተቱ አልተዘጋም። በ2008 ከሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ፍራክስ የተባለው የስብራት ስጋት ማስያ የሚሠራው ከ40 እስከ 90 ዓመት ላሉ ሰዎች ነው። ወሯ የቀረባት የ22 ዓመት ልጅ እዚያ ውስጥ ቦታ የላትም። ለሷ ያለው መንገድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር? የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2015 የልጃገረዶች የወር አበባ እንደ ደም ግፊትና እንደ ትኩሳት ሁሉ የጤና መለኪያ ሆኖ እንዲጠየቅ አሳስቧል። ከ90 ቀን በላይ ከዘገየ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ይመርመር ይላል።